የለምጻሙ ባቄላ እሸት

መስከረም 3 ቀን 1961 ዓ.ም.፤ ፍኖተ ሰላም

ከኑግ መጋዘኔ ጎን ያለውን ክፍል ለአዲሷ አስተማሪ ሰጠሁ። ንግሥቴ ትባላለች። ዩኒቨርሲቲው ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት አገር አገልግሉ ብሎ ከሚልካቸው ልጆች አንዷ ናት። የቋሪት ልጅ ነኝ አለችኝ። አባቷ ቄስ ናቸው፤ እናቷ እሷን ወልደው በአራስነታቸው አርፈዋል። ይህን ሁሉ ዕቃዋን ሳታራግፍ ነገረችኝ። ሰው ስለ ራሱ ቶሎ ቶሎ ሲናገር የሚደብቀው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ገበያ ያስተማረኝ ይህንን ነው።

የምትደብቀው በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ተሸካሚው ሊያነሣላት ሲል እጁን ይዛ «አይ ወንድሜ፣ እሱን እኔ» አለችው።

ወንድ ተከራይ ነበር የፈለግሁት፤ ለመጋዘኑ ዘብ ይሆነኛል ብዬ። ግን ሰክሮ የሚገባ ወንድ ከሆነ ዘብ የሚያስፈልገው ለራሱ ነው። ይህችኛዋ ትሻላለች።

መስከረም 7

ሣጥኑ ተከፈተ። ማይክሮስኮፕ ነው፤ ለዓይን የማይታየውን አግንኖ የሚያሳይ መሣሪያ። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ አምነው አውሰዋታል። መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው፤ ከታቹ ያለች ትንሽ መስታወት የፀሐዩን ብርሃን ወደ ላይ ትመልሳለች።

ጎረቤቴ ቢሆነኝ፣ በርበሬ ነጋዴው፣ ወዲያው ደረሰ።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ ቀያሽ አስገቡ ይላሉ።»

«ማን ነው የሚል?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው ማለት አንተ ነህ። ቀሚስ የለበሰ ቀያሽ አይተህ ታውቃለህ?»

«ዘንድሮ የማይታይ የለም።»

ሳቅን። ሳቁን ግን አልወደድሁትም። አገሩ የሚያወራው ስለ አዲሱ ግብር እና ስለ መሬት ልኬት ብቻ ነው። ገመድና ችካል ይዞ ማሳ ውስጥ የታየ ሰው በዱላ ይሸኛል። እኔ ደግሞ ኑጉንም ባቄላውንም የማገኘው ከነዚሁ ገበሬዎች ነው።

መስከረም 12

ትናንት ወደ ቋሪት በሚያወጣው ዳገት፣ አበልጄ ይርሳው ዘንድ ንግሥቴን ይዤ ወጣሁ። የሴት ልጁ የክርስትና እናት ነኝና ቤቱ ቤቴ ነው። የወጣሁት የዘንድሮውን ባቄላ አያያዝ አስቀድሜ ለማየት ነው። እሷ መንገዱ ስለገጠማት ተከተለች።

እንደ ልማዴ ከጎተራው አንድ እፍኝ የአምና ባቄላ ቀምሼ አንዷን ፍሬ በመቀነቴ ቋጠርሁ። ናሙና ሳልይዝ ከማንም ቤት ወጥቼ አላውቅም። አልጣሽ፣ የይርሳው ሚስት፣ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። «አበልጄ መቀነታቸው ሲፈታ አገር ይበቅላል» ትላለች።

ባቄላው አብቧል። ንግሥቴ ማሳ ውስጥ ገብታ ገና ያልፈነዳ እንቡጥ እየለቀመች በትንንሽ ጠርሙሶች ውስጥ ካለ ውኃ መሰል ነገር ትነክር ጀመር። መድኃኒቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«አሁን ቆሙ» አለችኝ። «በውስጣቸው ይሠራ የነበረው ሁሉ ባለበት ቆመ። ቤት ስንደርስ ምን ሲሠሩ እንደያዝናቸው እናያለን።»

ከዚያ ከማሳው ጫፍ፣ ከቤቱ ደጅ አጠገብ፣ አንድ ባቄላ አየችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ ዥንጉርጉር ነው። አንዳንዱ ቅጠል ግማሹ እንደ ወተት ነጥቷል።

«እሱ ለምጻሙ ነው» አለ ይርሳው። «ልነቅለው ነበር፤ አልጣሽ ለእሸት ይሆናል ብላ አስተወችኝ።»

«አያ ይርሳው፣ በእመቤታችን ይሁንብዎ አይንቀሉት። ይሽጡልኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። «ከርስቴ ላይ የቆመ ተክል አልሸጥም፣ እቴ። ዛሬ ተክሉን የሸጠ ነገ አፈሩን ሸጠ ይባላል።»

«አበልጅ፣ ልጅ ናት እኮ» አልሁት። «አደራ ማለቷ ነው።»

«አደራ ከሆነ ይሁን» አለ።

ስንወርድ ልጅቱ እየዘለለች ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ለአንድ ታማሚ ባቄላ ይህን ያህል የሚደሰት ሰው ገበያ ላይ ባገኝ ሀብታም እሆን ነበር።

መስከረም 13

እራት ላይ ጠየቅኋት፤ ምንድን ነው ይህ ሁሉ? እንደገባኝ ልጻፈው።

ተክልም ሰውም የተሠራበት ትንሹ ክፍል ሴል ይባላል። እኔ ቤት ብዬዋለሁ። ቤቱ አባወራ አለው፤ አስኳል ትለዋለች፤ አብዛኛው ትእዛዝ የሱ ነው። ከሱ ሌላ በቤቱ ውስጥ ጓዝ አለ፦ ኃይል የሚያነድድ፣ ስንቅ የሚያኖር፣ ከፀሐይ ምግብ የሚያበስል። ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው ይኸው የሚያበስለው ጓዝ ነው። በለምጻሙ ባቄላ ከአረንጓዴዎቹ ቅንጣቶች ከፊሎቹ ታመው ነጥተዋል።

ጥያቄዋ ይህ ነው። አበባ ዱቄቱን ሲሠራ ያ ጓዝ እንዴት ይከፋፈላል? ልጁስ አረንጓዴውን የሚወርሰው ዱቄቱን ከላከው አባት ነው ወይስ ፍሬውን ከተሸከመችው እናት?

«ይህን ማወቅ ለማን ይበጃል?» አልኋት።

«ለሚያውቀው።» ሳቀች። ከዚያ ሳቁን ተወችው። «ለኔም ነው፣ እትዬ። መምህሬ ‹በመስታወት ያየሽውን በአፈር አብቅለሽ አምጪልኝ፤ ያን ጊዜ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቦታ አለሽ› ብለውኛል። የለምጻሙን ፍሬ ዘርቼ ልጆቹን ካላሳየኋቸው ግን ዕድሜዬን ማስተማር ነው።»

«ማስተማር ነውር አለው?»

«የለውም። ግን መሣሪያው ይመለሳል። ዓይንሽን መልሺ እንደ መባል ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ባቄላ ላይ ቆሟል። እኔ በአንድ ከረጢት ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ አልጭንም።

«እርስዎ ልጅ የለዎትም?» አለችኝ።

«ሁለት ነበሩ» አልሁና ወደ ሚዛኔ ተመለስሁ።

መስከረም 16

ዛሬ እኔም አየሁ።

ከእንቡጡ ውስጥ የወንዴውን ከረጢት አውጥታ በዝርግ ቁራጭ መስታወት ላይ፣ እሷ ብርጭቆ በምትለው፣ ጨፈለቀችው። ከክሊኒኩ ድሬሰር የለመነችውን አዮዲን፣ ቁስል የሚቀባውን፣ ጠብ አደረገችበት። «ይዩ» አለችኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ቀጥሎ ብርሃን ብቻ። ከዚያ ጥርት አለልኝ።

ክብ ክብ ቤቶች ተደርድረዋል። የዱቄቱ እናቶች ናቸው፤ እያንዳንዷ ለአራት ትከፈላለች፤ አራቱም አንዳንድ የዱቄት ቅንጣት ይሆናሉ። ስንቅ የያዘው ጓዝ በአዮዲኑ ጠቁሮ ይታያል። በአንደኛዋ እናት በየጥጉ ተበትኗል። በሌላዋ አስኳሉ ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ሄዷል፤ ጓዙ ግን አንዱንም አልተከተለም። ከየጥጉ ተነሥቶ መሃል ላይ፣ በሁለቱ መካከል፣ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ግድግዳ ገና የለም። በሦስተኛዋ አስኳሎቹ አራት ሆነዋል፤ ሰልፉ ተፈትቶ በአራቱ ዙሪያ ገብቷል። በአራተኛዋ ግድግዳው ቆሟል። ከአራቱ ክፍሎች ባዶ የቀረ የለም።

ብዙ የውርስ ክፍፍል ላይ ተቀምጫለሁ። ሽማግሌ የሚባል ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያዘው የቤቱ ዕቃ ከየጓዳው ወጥቶ መሃል ግቢ እንዲከመር ነው፤ ጓዳ ውስጥ የቀረ ዕቃ ለቀደመው ነውና። ዕጣ የሚጣለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህች ለዓይን የማትታይ ቤት ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ክርክር፣ ይህንኑ ታደርጋለች። ማን አስተማራት?

ቀና ስል ደንበኞች ደጅ ቆመው ቆይተዋል። ደንበኛ አስቁሜ አላውቅም።

መስከረም 19

መስቀል አለፈ። ዳገቱን ብቻዋን ወጥታ መጣች። ከለምጻሙ አበቦች የራሳቸውን ወንዴ አስቀድማ እያወጣች የአረንጓዴ ባቄላ ዱቄት በብሩሽ ቀብታለች፤ አባቱ የታወቀ ፍሬ እንዲሆን ነው። የቀባቻቸው ላይ ቀይ ክር አሰረች። ተክሉ እንዳይወድቅ ችካል አቆመችለት።

ችካል! ሰምቼ ዝም አልሁ። በዚያው መናገር ነበረብኝ።

መስከረም 23

ይርሳው ለገበያ ወርዶ ሰላምታውን ቆጥቦ ሰጠኝ። በሬውን ከሩቅ አስሮ መጣ።

«አበልጅ፣ ክፉ ስም አወጡልኝ። ማሳዬ ላይ ቀይ ክርና ችካል አይተው ‹ይርሳው መሬቱን አስለካ› አሉ። ችካሉን ነቅለው ደጃፌ ላይ ጥለውት ሄዱ። ቀጥሎ የሚጥሉት እሳት ነው።»

«ተክሉስ?»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ልጆቼን አይጠይቁም?»

ጠየቅሁ። ደህና ናቸው። ተክሉም አልተነካም።

ማታ ንግሥቴን መከርኋት። «ክሩን ፍቺ። ሌላ ችካል አታቁሚ። ለማንም አትናገሪ፤ ያልታየ ነገር አይጠረጠርም።»

«ምልክት ከሌለው በምን ይታወቃል?»

«ለምጹ ራሱ ምልክት ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይርሳው ያውቀዋል፤ ለቤቱ ሰው እንኳ እንዳይናገር ነግሬዋለሁ። ይበቃል።»

«ለእትዬ አልጣሽ እንኳ ልንገራት?»

«ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ ያወራሉ። ተዪ።»

ምክሩ ልክ ነው። በእንዲህ ያለ ዓመት የሚበጀው አለመታየት ነው።

ጥቅምት 3፤ ቡሬ

ኑግ ይዤ መጣሁ። የመመለሻ አውቶቡስ የለም፤ መንገዱ ላይ ወታደር ነው። ዋጋው ጥሩ። ከመድኃኒት ቤቱ ለልጅቱ እንቡጥ የምትነክርበትን አልኮል ገዛሁ፤ የሷ አልቆ በዳግም አረቄ ሞክራ እንቡጦቹ ተበላሹባት። ቢሆነኝ አረቄ ስትገዛ አይቶ ከተማውን አዳርሷል።

አውቶቡስ አሁንም የለም።

ጥቅምት 8

ተመልሼ ቀሚሴን ሳልቀይር መስኮቱ ጋ ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል።

አሁን የምናየው ዱቄቱን ራሱን ነው። ከአራቱ አንዱ የሆነ ቅንጣት፣ ብቻውን። ይኸም እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ እዚህ ላይ ግን እኩል የለም። አንዱ ትልቅ ክፍል ይሆናል፤ አንዱ ከዳር የተጠጋ ትንሽ። አባት የሚሆነው ትንሹ ነው።

«ጓዙን ይፈልጉ» አለች።

ፈለግሁ። ጥቁሩ ነጥብ ሁሉ ወደ ትልቁ ሸሽቷል። ትንሹ ክፍል ንጹሕ ነው። አስኳሉን ይዟል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ሌላ ብርጭቆ አመጣችልኝ፤ እንዲሁ። ሌላም።

«ያን ጊዜ ሁሉም ደረሳቸው፤ አሁን ለምን ይህን ከለከሉት?» አልኋት።

«እኔም አላውቅም። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አሰብሁ። «ሩቅ የሚሄድ ነጋዴ ጓዝ አይጭንም። የሚያድርበት ቤት ሙሉ መሆኑን ካወቀ ቃሉን ብቻ ይዞ ይሄዳል።»

እስክሪብቶዋን አንሥታ ጻፈችው። እኔ ያልሁትን! ሳይንስ ነው ማለት አይደለም፣ ለማስታወስ ነው አለችኝ፤ ያም ቢሆን ጻፈችው።

«ለሰውም እንዲሁ ነው?» አልኋት።

«እንጃ እትዬ። ባላየሁት ነገር አልናገርም።» ብሩሿን ስታጥብ ቆየች። «እኔ ከእናቴ ምንም የለኝም ስል ነው ያደግሁት። መልኳን እንኳ አላውቅም።»

በዓይኗ ያላየችውን አትናገርም። በሚዛን ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አላገኘሁም።

ጥቅምት 12

ይርሳው በሬ ሊገዛ ወርዶ እኛ ዘንድ ጠላ ቀመሰ። ቁጣው በርዷል፤ ወሬው ወደ ሌላ ሰው ማሳ ተሻግሯል። ምን አያችሁ ብሎ ሲጠይቅ ንግሥቴ ነገረችው። አባትየው ጓዝ እንደሌለው ሲሰማ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«ቆይ፣ ወንዱ ባዶ እጁን ነው የሚገባ?»

«ባዶ እጁን አይደለም፤ አስኳሉን ይዟል።»

«ከብቱስ? እህሉስ? እኛ ስንዳር ሁለቱም ወገን እኩል ያዋጣል። ሙሽራው ‹አስኳል ይዤ መጣሁ› ቢለኝ ከነሚዜዎቹ ነው የማባርረው!»

ልጅቱ እስክታነባ ሳቀች። ይርሳውም ራሱን ይዞ ሳቀ። ሊሄድ ሲነሣ «አደራሽ ፍሬ ይዟል። ወፍሯል» አላት። ለምጻሙ ማለቱ ነው።

ቅዳሜ እንወጣለን።

ጥቅምት 17

ትናንት።

ይርሳው ቤት አልነበረም፤ ስለ ግብሩ አገር ተሰብስቦ እዚያ ሄዷል። አልጣሽ ብቻዋን ነበረች። ንግሥቴ የመጣችው ፍሬው ምን ያህል እንደበሰለ ለማየት ነው፤ እስኪደርቅ ገና ይቀረው ነበር። በቤት ደንብ መጀመሪያ መቀመጥ ስላለብን ተቀመጥን። አልጣሽ ደስታዋ ወሰን አጥቶ ሰፌድ አንሥታ ወጣች።

ስትመለስ ሰፌዱ ሙሉ ነው። የባቄላ እሸት። ወፋፍራም ነው፤ ከላዩ ነጭ መስመር አለበት።

«ጾም ነው አትሉኝ፣ እሸት ለጽጌ ጾም የተፈጠረ ነው» አለች። «ከሁሉ ቀድሞ ያፈራው ይኸው የደጁ ነው። እኛ አልቀመስንም። የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ለእንግዳ ነው ብዬ ልጆቹን ስከለክል ሰነበትሁ! ለምጻም ቢሆን ለዘር አይሆንም እንጂ ለአፍ ከሱ የሚጣፍጥ የለም።»

«ግንዱስ?» አለች ንግሥቴ። ድምጿ ደህና ነበር።

«ነቅዬ ለጥጃ ሰጠሁት።»

ንግሥቴ አንድ ጊዜ አየችኝ። እኔ ሰፌዱን አየሁ።

ከዚያ እጇን ሰዳ አንድ አነሣች። ፈለፈለች። ፍሬውን አፏ ውስጥ ጨመረች፤ ረጅም ጊዜ አኘከችው።

«ይጣፍጣል፣ እትዬ አልጣሽ» አለች።

«ብዪ እንጂ፣ ብዪ! እንዴት ከስታለች ይህች ልጅ፤ አበልጅ፣ አያበሏትም?» አልጣሽ ራሷ እየፈለፈለች ታጎርሳት ጀመር። አንዱን ስትውጥ ሌላው ይጠብቃታል። ንግሥቴ የተሰጣትን ሁሉ በላች። አመሰገነች። የቤቱን ልጆች ጠርታ የቀረውን አካፈለቻቸው፤ ለእያንዳንዳቸው እኩል።

እኔም በላሁ። መናገር እችል ነበር። ተናግሬ ቢሆን አልጣሽ እሸት ባየች ቁጥር ዕድሜ ልኳን ትሸማቀቅ ነበር፤ ፍሬው ግን ወደ ግንዱ አይመለስም። ስለዚህ ዝም ማለቱ ልክ ነው።

ወንዙ ጋ ደረስን። በቅሎዬን ስናጠጣ «ሦስት ሳምንት ቢቆይ ኖሮ» አለች። ምክሩ የማን እንደነበር አላነሣችም። አንድ ቃል እንኳ።

ምክሩ ለዚያ ቀን ልክ ነበር።

ጥቅምት 18

ንግሥቴ ትምህርት ቤት ሄዳ መጣች። መሣሪያውን በጨርቅ ሸፍናዋለች።

ትናንት መቀነቴን ስፈታ ከሰፌዱ አንድ እሸት አብሮኝ መጥቶ አገኘሁ። እጅ ልማዱን አይረሳም።

አልነገርኋትም። ጥሬ ነው፤ አይበቅል ይሆናል። ባዶ ተስፋ መሸጥ ንግዴ አይደለም። ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር፣ አይጥ ከማይደርስበት፣ ጥላ ላይ አደረቅሁት።

ጥቅምት 24

ጨርቁ ተነሥቷል። ለመምህሯ የምታሳያቸውን ብርጭቆዎች በሰም ዳር ዳራቸውን ስታሽግ ዋለች። «ግማሹ እጄ ላይ ነው፤ ግማሹን እንደጠፋ እናገራለሁ» አለችኝ።

«ቦታውን ቢከለክሉሽስ?»

«የበላሁትን አየሁት ብዬ አልጽፍም፣ እትዬ።»

ሠላሳ ዓመት ነግጄ ከዋሾ ሰው ብዙ ምክንያት ሰምቻለሁ። ይህችን ልጅ የሚያክል ሰው ግን ከየትኛው ገበያ እንደሚገኝ አላውቅም።

ኅዳር 2

እሸቱ ደርቆ ሦስት ፍሬ ሰጠ። ተጨማደዋል። አፉ በተሰበረ ማድጋ አፈርና ፍግ አድርጌ ቀበርኋቸው። መጋዘኑ ጀርባ ነው፤ እዚያ ማንም አይሄድም።

ኅዳር 9

ምንም የለም። ቢሆነኝ ማድጋውን ሳጠጣ አይቶኝ «እትዬ፣ አፈርም መነገድ ጀመሩ?» አለኝ። «አንተ ነፋስ ስትነግድ ማን ጠየቀህ?» አልሁት።

ኅዳር 17

በቅለዋል! ሦስቱም።

ኅዳር 22

አንዱ አረንጓዴ ነው። አንዱ ዥንጉርጉር። አንዱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ነጭ ነው፤ አንድ አረንጓዴ ነጥብ የለውም።

እጇን ይዤ ወሰድኋት። ማድጋውን ስታይ ተንበረከከች። ከዚያ «ከየት?» አለችኝ።

«ከመቀነቴ።»

አቀፈችኝ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልለመድሁም፤ እጄ ላይ የኑግ ዘይት ነበረበት።

ቀጥላ እንደ ልማዷ እውነቱን ተናገረች። «ይህ እሸት የቀባሁት ይሁን አይሁን አይታወቅም። አባቱ ያልታወቀ ነው። መምህሬ በዚህ ብቻ አይረኩም።»

«እናቱ ግን ትታወቃለች።»

«እናቱማ ትታወቃለች» አለች፤ ጣቷን ነጩ ላይ አሳረፈች። «አንዲት እናት ሦስት ዓይነት ልጅ። ደህናውን ጓዝ ብቻ የሰጠችው አረንጓዴ ሆነ። የተቀላቀለ የደረሰው ዥንጉርጉር። ለዚህ የታመመው ብቻ ደረሰው።»

«ይኖራል?»

«ምግብ ማብሰል አይችልም፣ እትዬ። እናቱ ፍሬው ውስጥ ያስቀመጠችለት ስንቅ እስኪያልቅ ነው።»

ታኅሣሥ 6

አልጣሽ በርበሬ ልትገዛ ወርዳ እኛ ዘንድ ገባች። ውኃ ልትጣጠብ ወደ ጀርባ ሄዳ ማድጋው ፊት ቆመች።

«ይህ የኛ ለምጻም አይደለም?»

ንግሥቴ ከኔ ቀድማ «ሌላ ነው፤ ከሌላ ማሳ የመጣ» አለች። ይህች ባላየችው የማትናገር ልጅ! ዓይኗን ሳትሰብር ዋሸች።

አልጣሽ ቅጠሉን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች። በርበሬዋን ገዝታ፣ ተሰናብታ፣ ደጅ ከወጣች በኋላ ተመለሰች።

«ንግሥቴ ልጄ፣ ያ ‹የሌላ ማሳ› ባቄላ ዘር የሰጠሽ እንደሆነ አንድ ፍሬ ለኔ አስቀሪልኝ። በክረምት ደጄ ላይ እዘራዋለሁ። ክር እሰሪበት፣ ችካል አቁሚበት፤ ለሚጠይቀኝ እኔ መልስ አለኝ። እንኳን ሰው፣ ጥጃም አይደርስበት።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ሄደች። ያን ቀን በአንድ ቃል ነግረናት ቢሆን ኖሮ ለምጻሙን እንደ ዓይኗ ትጠብቀው ነበር። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ነው ማለት አልችልም።

ታኅሣሥ 14

ንግሥቴ ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ተቀብላ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች። ብርጭቆዎቿን በጥጥ ጠቅልላ፣ ዥንጉርጉሩንና አረንጓዴውን በጣሳ አዛውራ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የሄደችው። ረዳቱ ጣሳዎቹን ጣሪያ ላይ እንጫን ቢላት «አይ ወንድሜ፣ እነዚህን እኔ» አለችው።

ነጩን አልወሰደችም። መንገዱን አይችልም አለችኝ። ውኃ እንዳላበዛበት፣ የቀትር ፀሐይ እንዳይመታው አስጠነቀቀችኝ። ነገሩን አውቄው ነበር፤ ቢሆንም እስክትጨርስ ሰማኋት።

ታኅሣሥ 24

የአውቶቡሱ ሹፌር መልእክት አመጣ። «ለእትዬ ዓባይነሽ፦ መምህሬ ብርጭቆዎቹን አይተው ተነሥተው ቆሙ። ስለ እሸቱም ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳቁ፣ ከዚያ አልሳቁም። ቦታው ተሰጥቶኛል፤ ግን ለምጻሙ በክረምት እንደገና ይዘራና አባቱ ታውቆ ይታይ ብለዋል። የአልጣሽን ደጅ ነገርኋቸው። ለገና እመጣለሁ።» ሹፌሩ ይህን በቃሉ ይዞት ነው የመጣው፤ አንድም ነገር እንዳይሳሳት መንገዱን ሙሉ ሲደግመው ነበር አለኝ።

ደገመልኝ። ሦስተኛም ጠየቅሁት።

ታኅሣሥ 28

ነገ ገና ነው። ክፍሏን አስጠረግሁ። የኑጉ አዲስ ምርት እየገባ ነው፤ ቦታ ጠብቧል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ይፈለጋል።

ነጩ ዛሬ ጠዋት ተኝቶ አገኘሁት። አልደረቀም፤ ተኛ እንጂ። እስከዚህ ቁመት የደረሰው የራሱ የሆነ አንድ ነገር ሳይኖረው፣ እናቱ ባስያዘችው ስንቅ ብቻ ነው። ጨረሰው።

ማድጋው ለሌላ ነገር እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ሠራተኛው ሊደፋው ሲያነሣ «ተወው» አልሁት። ውኃ ጨመርሁበት።